ሬጉላር ኤክስፕሬሽን

ፕሮግራመሮች አሳጥረው «ሬጌክስ» ይሉታል። የምንፈልገውን ቃል ሳይሆን የቃሉን መልክ ለኮምፒውተሩ የምንነግርበት ቀመር ነው። መነሻው የአሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ የስቲቨን ክሌይኒ የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲሆን፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኬን ቶምፕሰን በ1968 ለጽሑፍ ፍለጋ አዋለው።

ለአማርኛ ደግሞ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። እስቲ ከስም ዝርዝር ውስጥ ኃይሌን ፈልጉ፤ አንዱ «ሀይሌ»፣ ሌላው «ኃይሌ»፣ ሦስተኛው «ሐይሌ» ብሎ ጽፎታል። በፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ [ሀሃሐሓኀኃ]ይሌ ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ቅንፉ «ከእነዚህ አንዱ ይሁን» ማለት ስለሆነ ሁሉም ተለቅመው ይመጣሉ። የግዕዝ ቁጥር ላይ ግን ያስቸግራል። ለአሃዝ የተመደበው ምልክት 1ን ይይዝና ፩ን አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ [፩-፼] ብሎ ለብቻው ማዘዝ ግድ ነው።