ከመጅ እስከ ሞተር፤ የማኅበር ወፍጮ ታሪክና የቆመውን መልሶ ማስነሣት

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቅርቦት፣ ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ መባሉ አይቀርም። ይህ አጭር ጽሑፍ ደግሞ ከማኅበራት አገልግሎቶች መካከል እምብዛም ስለማይነሣው ስለ ወፍጮ ያወሳል።

ከሞተር በፊት

በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች እህል ለብዙ ዘመናት ሲፈጭ የኖረው በእጅ ነው። የታችኛው ድንጋይ ወፍጮ፣ በሁለት እጅ የሚገፋው የላይኛው ደግሞ መጅ ይባላል። ድንጋዩ ሲለሰልስ ይወቀራል። ሥራው በሴቶች ትከሻ ላይ የወደቀ ነበር። እናቶቻችን ሌሊት ተነሥተው ሲፈጩ ያነጋሉ፤ ሲነጋ ደግሞ ውኃው፣ እንጨቱና የማሳው ሥራ ይጠብቃቸዋል። የሞተር ወፍጮ ወደ ገጠር ሲገባ ከሁሉ በፊት ያቀለለው የእነርሱን ድካም ነው።

የአገልግሎት ማኅበራት ዘመን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ አደረገ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ከ3 እስከ 10 የሚደርሱ የገበሬ ማኅበራት ተባብረው የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲመሠርቱ ፈቀደ። አዋጁ ለእነዚህ ማኅበራት ከሰጣቸው ተግባራት መካከል የብድር፣ የመጋዘንና የሸቀጥ አቅርቦት ይገኙበታል፤ የወፍጮ አገልግሎት መስጠትም በግልጽ ተጠቅሷል። በዚህ መሠረት በርካታ ማኅበራት ከአባላት በተሰበሰበ መዋጮ ወፍጮ ተክለዋል።

ይሁን እንጂ ማኅበራቱ በዚያን ጊዜ የሚመሩት በአብዛኛው ከላይ በሚወርድ መመሪያ ነበር። የእህል ኮታም በእነርሱ በኩል ይሰበሰብ ስለነበር ገበሬው ማኅበሩን እንደ መንግሥት እጅ ቆጠረው። የካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ወቅትም የብዙ አገልግሎት ማኅበራት መጋዘንና ሱቅ ተዘረፈ። ከዝርፊያ የተረፈው ወፍጮም ቢሆን ናፍጣ የሚገዛለት፣ ግሪስ የሚቀባው ጠፍቶ በየቤቱ ዝጎ ቀረ። በራሱ መዋጮ የተገዛውን ንብረት ገበሬው የእኔ ሳይለው መቅረቱ ከዝገቱ በፊት የመጣ በሽታ ነበር።

ይሸጥ ወይስ ይታደስ?

በምሠራበት ወረዳ አንድ መሠረታዊ ማኅበር እንዲህ ያለውን የቆመ ወፍጮ በጠቅላላ ጉባዔ ተነጋግሮበታል። አንዳንዶቹ በብረት ክብደት ይሸጥ አሉ። ሌሎቹ፣ በተለይም ሴቶች አባላት፣ እህል ተሸክመው ከተማ ድረስ መመላለሱ እንደሰለቻቸው ተናግረው ይታደስ አሉ። በመጨረሻም አንድ መካኒክ ተቀጥሮ የጉልበቱን ሥራ አባላት እንዲሠሩ ተወሰነ። ሌሎች ማኅበራትም ይጠቀሙበት ዘንድ የሥራውን ቅደም ተከተል እንመልከት።

በመጀመሪያ የሻገተ ዱቄት፣ ገለባና የአይጥ ጎጆ ይጠረጋል። አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል። የዛገ ብሎን በጉልበት ከተፈታ ይሰበራል፤ ስለዚህ ዘይት ጠጥቶ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። የተፈታው ሁሉ በቅደም ተከተል ይቀመጣል።

ቀጥሎ ሞተሩ ነው። በአፍሪካና በእስያ የገጠር ወፍጮ ቤቶች በስፋት ካገለገሉት አንዱ የእንግሊዙ ሊስተር ነው። ባለ 6 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ ስለሚዞር ረጅም ዕድሜ አለው፤ ለጥገናም ይመቻል። የቆመ ሞተር ወዲያው አይነሣም። አሮጌው ዘይትና ናፍጣ ይደፋል፣ ጋኑና ፊልትሮው ይታጠባል፣ ከዚያም ሞተሩ ሳይያዝ መዞሩ በእጅ ይሞከራል። ኩሽኔታው በነጭ ጋዝ ታጥቦ አዲስ ግሪስ ይገባለታል፤ የሚንገጫገጭ ከሆነ ይለወጣል። ቺንጋው እንዳይወልቅ የሞተሩና የወፍጮው ፑሌጃ ትይዩ መሆናቸው በተወጠረ ገመድ ይለካል።

ዋናው ጥበብ ግን ድንጋዩ ላይ ነው። የደነዘዘ ድንጋይ ዱቄቱን ከመፍጨት ይልቅ ያግለዋል፤ ዱቄቱም የተቃጠለ ነገር ይሸታል። እናቶቻችን ወፍጮ እንደሚወቅሩት ሁሉ የሞተር ወፍጮ ድንጋይም ይወቀራል። መስመሮቹ ከመሐል ወደ ዳር ይወጣሉ፤ ወደ ዳር ሲቃረቡም ጥልቀታቸው ይቀንሳል። ድንጋዮቹ ያለ እህል እየተፋተጉ እንዲዞሩ መተው ያበላሻቸዋል። ከተወቀረ በኋላ በመጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት የድንጋይ ብናኝ ስላለበት ይደፋል እንጂ አይበላም። በመጨረሻም ነጠላና ቀሚስ እንዳይይዝ ቺንጋው በአጥር ይከለላል። ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ነውና።

ከታሪኩ የምንማረው

በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበራት በአባላት ፈቃድ እንዲመሠረቱ፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ እንዲኖረውና ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ እንዲቀነስ ደነገገ። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ቢተካም የአባላት ባለቤትነት መርሕ እንደጸና ነው። የታደሰ ወፍጮ ዳግም እንዳይቆም የዕለት ገቢው በመዝገብ መስፈር፣ ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ መቀመጥ፣ ሒሳቡም ለጉባዔ መቅረብ አለበት። የወረዳ ኃላፊዎች ድርሻ ኦዲቱ በጊዜው እንዲደረግ ማገዝ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ግን ሃምሳዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሲይዙ ነው። በየቀበሌው የቆመ የማኅበር ወፍጮ ካለ በሩን ከፍተን እንየው፤ ከመሸጡ በፊትም በጉባዔ እንምከርበት። ለመላው አባላት መልካም በዓል!