አያት፣ አባት፣ ልጅ፦ የመጠባበቂያ ቅጂ ቃላት አመጣጥ

በሙያችን የምንገለገልባቸው የመጠባበቂያ ቅጂ ቃላት ከሥራው ጠባይ የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 ዩኒቫክ፣ በ1952 ደግሞ አይ.ቢ.ኤም. 726 ማግኔታዊ ቴፕን ለኮምፒውተር ሥራ ካዋሉ በኋላ፣ ዋናው መዝገብ ከአሮጌው ቴፕ ተነቦ፣ የዕለቱ ሂሳብ ተጨምሮበት፣ በአዲስ ቴፕ ይጻፍ ነበር። አዲሱ «ልጅ»፣ የተነበበው «አባት»፣ ከዚያ የቀደመው «አያት» ተባለ። ልጁ ቢበላሽ ከአባቱና ከዕለቱ ሂሳብ እንደገና ይሠራል።

በ1956 ዲስክ ሲመጣ ግን አዲሱ ጽሑፍ አሮጌውን ስለሚተካ፣ አባትም አያትም በራሳቸው መቅረታቸው ቀረ። ቅጂ ራሱን የቻለ ተግባር ሆነ። «ሙሉ» ቅጂ ሁሉን ይይዛል፤ «ልዩነት» ከመጨረሻው ሙሉ ቅጂ ወዲህ የተለወጠውን፣ «ጭማሪ» ደግሞ ከመጨረሻው ማናቸውም ቅጂ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ይይዛል። ጭማሪው ለመቅዳት ይቀላል፤ በሚመለስበት ጊዜ ግን ሰንሰለቱ ሳይጎድል መገኘት አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ቃል «መልሶ ማግኘት» ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የጊትላብ ኩባንያ የመረጃ ቋት በስሕተት ሲሰረዝ፣ ወደ ውጭ ማከማቻ ይላካል የተባለው ቅጂ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ያዳነው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ጉዳይ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ የእነዚያ ሰዓታት ሥራ ግን ጠፋ። ስለሆነም በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ «ቅጂ አለ» ከሚለው ጎን «ተመልሶ ተሞክሯል» የሚል ቃል ከነቀኑ ሊጻፍ ይገባል።