ዕዳው የማን ነው? ከከዲቭ ኢስማኤል እስከ እኛ

ሰሞኑን የሀገር ዕዳ ነገር መከራከሪያ ሆኗል። አንዱ "ያለፈው መንግሥት ነው ጭኖብን የሄደው" ይላል፣ ሌላው "የባሰው የአሁኑ ነው" ይላል። እኔ የታሪክ መምህር ነኝና ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ጉንደትን ታስታውሳላችሁ። ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ 4ኛ የግብጽን ጦር ድባቅ መቱ። ክፍል ውስጥ ሰዓት ስለማይበቃን የማንጨምራት አንዲት ነገር አለች። ከጉንደት በኋላ አሥር ቀን ሳይሞላ የግብጹ ገዥ ከዲቭ ኢስማኤል የስዊዝ ካናል ድርሻውን ለእንግሊዝ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠ። ለምን? ዕዳ አንቆት ነዋ!

ኢስማኤል ሥልጣን የያዘው በ1855 ዓ.ም ነው። አሜሪካኖች እርስ በርስ ሲዋጉ ጥጥ ከዓለም ገበያ ጠፍቶ ስለነበር የግብጽ ጥጥ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። ገንዘቡ ሁሌ እንዲህ የሚፈስ መሰለው። የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ የመስኖ ቦይ አስቆፈረ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ካይሮ ላይ ኦፔራ ቤት አሠራ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ብድሩ ሁሉ ተበልቶ አልቀረም። ግን የአሜሪካው ጦርነት አበቃና የጥጡ ዋጋ ወረደ፤ ብድሩ ግን አልወረደም። የድሮውን ለመክፈል አዲስ መበደር ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1873 "32 ሚሊዮን ፓውንድ" ተብሎ ከተፈረመው ብድር እጁ የገባው ከሁለት ሦስተኛ አይበልጥም። ወለዱ የሚታሰበው ግን በ32ቱ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ነው እንግዲህ ኢትዮጵያን ልውረር ብሎ የተነሳው። ጉንደት ላይ ተሸነፈ፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ጉራ ላይ ደገመው፣ እንደገና ተሸነፈ። ሚያዝያ 1868 ላይ ክፍያ አቆመ። አበዳሪዎቹ በዚያው ወር ካይሮ ውስጥ የዕዳ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ቆይቶም የገንዘብ ሚኒስትሩ እንግሊዛዊ ሆነ። በ1871 ዓ.ም ኢስማኤል ራሱ ከሥልጣን ተነሳ፣ በ1875 መባቻ እንግሊዝ ሀገሪቱን ያዘች።

ኢስማኤልስ ተሰዶም ቢሆን ኑሮው አልጎደለም። ዕዳውን የከፈለው ማነው? የዓባይ ዳር ገበሬ ነው። የስድስት ዓመት የመሬት ግብር ቀድመህ ክፈል የተባለው እሱ ነው። ብድሩ ሲፈረም የጠየቀው አልነበረም። "ዕዳ ከሜዳ" ማለት ይሄ ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ከውጫሌ ውል በኋላ መስከረም 1882 ላይ ራስ መኮንን ጣልያን ሀገር ሄደው ተጨማሪ ውል ፈረሙ። አራት ሚሊዮን ሊሬ ብድር፣ መያዣው የሐረር ጉምሩክ። ልብ በሉ፣ የውጫሌን አንቀጽ 17 ሁላችንም እናውቃለን፣ ይህቺን መያዣ የሚያስታውስ ግን ስንት ነው? ምኒልክ ግን ገብቷቸዋል። ውሉን በ1885 ዓ.ም ሲያፈርሱ ብድሩን ከፍለው ነው ያፈረሱት። ያውም ከክፉ ቀን ማግስት፣ ሀገር በረሃብ ደቅቃ። ያኔም የከፈለው ገበሬው ነው፣ ያኔም የጠየቀው የለም፤ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ቢሆንም አድዋ ላይ ስንዋጋ ጣልያን "ዕዳዬን" ብሎ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

አሁን ወደ እኛ ዘመን። በ1996 ዓ.ም እጅግ ባለዕዳ ለሆኑ ደሃ ሀገሮች በተዘጋጀው ፕሮግራም ብዙ ዕዳ ተሰረዘልን። ቀለል ብሎን ነበር። ከዚያ እንደገና ጀመርን። በ2007 ዓ.ም ዩሮ ቦንድ ተሸጠ፦ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ለአሥር ዓመት፣ ወለዱ 6.625 በመቶ። ለስኳር፣ ለኢንዱስትሪ ፓርክና ለኃይል ማስተላለፊያ ነው ተባለ። ታኅሣሥ 2016 ላይ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት "አበዳሪዎችን ሁሉ እኩል ለማየት ነው" አለ። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ብሩ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የተበደርነው እዚያው ቆሞ በብር ስናሰላው እጥፍ ሆነ። የመምህር ደመወዝ ግን የሚቆጠረው በብር ነው፤ ዘይትና ስኳር የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

መበደር ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም እኮ! መንገድና መብራት ያለ ብድር የሠራ ሀገር ጥቂት ነው። ጥያቄዬ ስለ ኃላፊነት ነው። በኢስማኤል ዘመን ጠያቂ አልነበረም እንበል፤ እኛ ጋ እኮ የውጭ ብድር ስምምነት ፓርላማ ቀርቦ፣ በአዋጅ ጸድቆ፣ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ዩሮ ቦንዱ በተሸጠበት በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ግን ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ያዙ። ሁሉም እጅ በሚያወጣበት ምክር ቤት "ፋብሪካው ስኳር ባያመርትስ?" ብሎ የሚጠይቅ ከየት ይመጣል? የዛሬው መንግሥትም "ወርሼ ነው" ማለት የሚችለው ለወረሰው ብቻ ነው። ራሱ የፈረመውን ራሱ ይመልስ።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" በምንባልበት ሀገር ሹም ሲሻር ሒሳቡም አብሮት ይሻራል። ዕዳው ግን አይሻርም። ስለዚህ አንድ ብድር ሲፈረም ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ለምን ሥራ ነው? መያዣው ምንድነው? ሥራው ቢከሽፍ በስሙ የሚጠየቀው ማነው? ለሦስተኛው መልስ ከሌለ ከፋዩ አስቀድሞ ታውቋል። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል የማስተምረው ልጅ ነው።

እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ? ስድቡን ትታችሁ ሐሳባችሁን ጻፉልኝ።