ምድርን የዞረው የአየር ማዕበል

እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 1883፣ ከጧቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በባታቪያ (በዛሬዋ ጃካርታ) የጋዝ ፋብሪካ የግፊት መለኪያው ከ2.5 ኢንች ሜርኩሪ በላይ ዘለለ። መሣሪያው የጋዙን ግፊት ለመከታተል የተተከለ ነበር፤ የመዘገበው ግን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሱንዳ ሰርጥ የፈነዳውን የክራካቶዋን እሳተ ገሞራ ነው።

በዚያ ፍንዳታ ከ36,000 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹን የወሰዳቸው የባሕሩ ማዕበል ነበር። ድምፁ 4,800 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ካለችው ከሮድሪገስ ደሴት ደረሰ። የደሴቲቱ ፖሊስ አዛዥ ጄምስ ዋሊስ ከምሥራቅ በኩል የከባድ መድፍ ተኩስ የመሰለ ድምፅ መሰማቱን መዘገበ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጆሮ አልሰማውም፤ ባሮሜትር ግን ሰማው።

በዚያ ዘመን በየአገሩ የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች፣ በዝግታ በሚዞር ወረቀት ላይ የአየር ግፊትን ሌት ተቀን የሚጽፉ ባሮሜትሮች ነበሩ። በለንደን ሮበርት ስኮትና ጄኔራል ሪቻርድ ስትሬቺ መዝገቦቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያነጻጽሩ፣ መስመሩ ሽቅብ ብሎ ቁልቁል የወረደበት ምልክት በአንዱም በሌላውም ጣቢያ ተገኘ። ሰዓቱ ሲሰላ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የአየሩ ማዕበል በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እየገሰገሰ፣ ከ19 ሰዓት ገደማ በኋላ ከክራካቶዋ ትይዩ በምድር ሌላኛው ወገን፣ ኮሎምቢያ አካባቢ ተገናኝቶ ተመልሷል። አንዳንድ ጣቢያዎች በአምስት ቀን ውስጥ ሰባት ጊዜ ሲያልፍ መዝግበውታል። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጥናቱን በ1888 በጆርጅ ሳይመንስ አዘጋጅነት አሳተመ።

እንዲህ ያለው ማዕበል የምድርን ገጽ ታክኮ ስለሚሄድ ኃይሉ ቶሎ አይደክምም። ሲያልፍ አየሩን ይጨምቃል፣ ከዚያም ይለቀዋል፤ ለውጡ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ለመያዝ በ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ናፒየር ሾውና ዊሊያም ዳይንስ ማይክሮባሮግራፍ የተባለ መሣሪያ ሠሩ። በ1908 የሳይቤሪያው የቱንጉስካ ፍንዳታ በእንግሊዝ በእነዚሁ መሣሪያዎች ላይ አሻራውን ተወ፤ ምልክቱን ከፍንዳታው ጋር ያገናኘው የፍራንሲስ ዊፕል ጥናት ግን የወጣው በ1930 ነበር።

ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 በቶንጋ የሁንጋ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ የአየሩ ማዕበል ምድርን ደጋግሞ ዞረ። በዚህ ጊዜ ያዩት የጣቢያ ባለሙያዎች ብቻ አልነበሩም፤ የነገውን ዝናብ ለማወቅ በቤታቸው ባሮሜትር የተከሉ ሰዎችም መስመሩ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ተመለከቱ።