አንዱን ስሎት ለብዙዎች፦ የማዘርቦርድ ማስፋፊያ አጭር ታሪክ



ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ መቐለ የሚያደርገውን መደበኛ በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና ጀመረ። በረራው ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ተቋርጦ ቆይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት፣ በራስ አሉላ የፈረስ ስም በሚጠራው በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ከወረዱት መንገደኞች አንዱ እኔ ነበርሁ። በእጅ ሻንጣዬ ውስጥ አራት ቀጫጭን ዲስኮችን የሚሸከም አንድ ካርድ ይዤ ነበር።

ካርዱን የጠየቀኝ በከተማው የሚኖር የሙያ ባልደረባዬ ነው። ከተበላሹ ኮምፒውተሮች ያተረፋቸውን የምርምር መረጃዎች በአንድ ማሽን ላይ ማከማቸት ፈልጓል፤ ማሽኑ ግን ክፍት የቀረው አንድ ረዥም የማስፋፊያ ስሎት ብቻ ነበር። ካርዱን ሰካነው፤ አራቱን ዲስኮች አስገባን፤ ኮምፒውተሩንም ከፈትን። ማሽኑ ያየው አንዱን ዲስክ ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ ደኅና ነበሩ፤ ግን አልታዩም።

የዛሬው ንግግሬ መነሻ «ሦስቱ ዲስኮች ለምን አልታዩም?» የሚል ነው። የመሐንዲሱ መልስ አጭር ነው፤ የታሪክ መልሱ ግን ከአርባ ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ገበያ ላይ የዋለው የአይቢኤም ፒሲ አምስት የማስፋፊያ ስሎቶች ነበሩት። አንዱን የምስል ካርዱ፣ ሌላውን የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያው ሲይዙት፣ ለማስታወሻ፣ ለፕሪንተርና ለሌላው ሁሉ የሚተርፈው ጥቂት ነበር። እንግዲህ የስሎት እጥረት ከፒሲው ጋር አብሮ የተወለደ ችግር ነው። አይቢኤም ግን የማሽኑን የኤሌክትሪክ ንድፍና የባዮሱን የፕሮግራም ጽሑፍ በቴክኒክ መመሪያው ላይ አትሞ አወጣ። ይህም ለማንኛውም ትንሽ ኩባንያ በር ከፈተ።

በተከፈተው በር ከገቡት አንዱ አስት ሪሰርች ነው። ኩባንያው «ሲክስፓክ ፕላስ» በተባለው ካርዱ ተጨማሪ ማስታወሻን፣ ሲሪያልና ፓራለል መገናኛዎችን እንዲሁም ሰዓትን በአንድ ስሎት ላይ አሰባሰበ። አይቢኤም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1983 ሌላ መንገድ አቀረበ፤ በአንድ ስሎት የሚሰካ ካርድ በወፍራም ገመድ ከውጭ ሣጥን ጋር ይገናኛል፤ ሣጥኑም የራሱ ስሎቶች አሉት። አንዱን ስሎት ለብዙዎች የማዳረስ ሐሳብ የዛሬ ፈጠራ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በዚያ ዘመን ስሎቶቹ ሁሉ አንድ የጋራ መስመር ይጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ኢንቴል ያስተዋወቀው ፒሲአይም ይህንኑ ሥርዓት ቀጠለ፤ በሴኮንድ እስከ 133 ሜጋባይት የሚደርሰውን አቅም ካርዶቹ ሁሉ በየተራ ይካፈሉት ነበር። አሠራሩን ለመረዳት ያን ዕለት ያረፍሁበትን የአውሮፕላን ማረፊያ አስቡ። መንደርደሪያው አንድ ነው። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይጠብቃል፤ ተራውን የሚሰጠው የበረራ ተቆጣጣሪው ነው። በፒሲአይም ተራ የሚሰጥ ክፍል ነበረ። በዚህ ሥርዓት የሚከፈለው ጊዜው እንጂ መስመሩ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይህን ከመሠረቱ ለወጠው። የጋራ መስመሩ ቀርቶ፣ እያንዳንዱ ካርድ ከፕሮሰሰሩ ወይም ከቺፕሴቱ ጋር የራሱ የሆኑ መስመሮች ተሰጡት። ረዥሙ ስሎት 16 መስመሮች አሉት። መስመሮቹ የተነጣጠሉ ስለሆኑ 16ቱን ለሁለት ስምንት ስምንት፣ ወይም ለአራት አራት አራት አድርጎ ማደል ተቻለ። ዛሬ የስሎት ክፍፍል የምንለው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጀመሪያው የኤንቪኤምኢ ደንብ ከወጣ በኋላ በተስፋፉት ዲስኮች፣ አንዱ ዲስክ በተለምዶ አራት መስመር ስለሚፈልግ፣ አንድ ረዥም ስሎት ለአራት ዲስኮች ልክ ሆነ። በሻንጣዬ የነበረው ካርድ የተሠራው በዚህ ስሌት ነው።

ይሁን እንጂ መስመር ስለተነጣጠለ ብቻ አይከፈልም። በስሎቱ ጫፍ ያለው መቆጣጠሪያ «ከፊቴ ያለው አንድ ሳይሆን አራት እንግዳ ነው» ብሎ እንዲቀበል አስቀድሞ መታዘዝ አለበት። ትእዛዙ ከሌለ የመጀመሪያውን አራት መስመር ከያዘው ዲስክ ጋር ተነጋግሮ ሌሎቹን ሳያያቸው ይቀራል። የሦስቱ ዲስኮች ምሥጢር ይኸው ነው።

ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው? በእኔ እምነት የታሪኩ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻና በ2005፣ ሁለት የምስል ካርዶችን አጣምሮ ለማሠራት በወጡ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ፣ በሁለቱ ስሎቶች መካከል አንዲት ትንሽ መምረጫ ካርድ ነበረች። ተጠቃሚው ነቅሎ ሲገለብጣት 16ቱ መስመሮች ለሁለቱ ስሎቶች ስምንት ስምንት ሆነው ይከፈሉ ነበር። ፈቃዱ በተጠቃሚው ጣት ላይ ነበረ ማለት ነው። ቆይቶ ይህ ሥልጣን ወደ ባዮስ ገባ። አምራቹ በባዮሱ ዝርዝር ውስጥ ምርጫውን ካስቀመጠ ክፍፍሉ ይሠራል፤ ካላስቀመጠ፣ ፕሮሰሰሩ ቢችልም እንኳ፣ ተጠቃሚው ሊያዝ አይችልም። የባልደረባዬ ማሽን ባዮስ ምርጫው አልነበረውም።

ፈቃድን የመያዝ ፈተና ከዚያ በፊትም ታይቷል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ማይክሮ ቻነል የተባለውን አዲስ የማስፋፊያ ሥርዓት ሲያወጣ የቀድሞውን ክፍትነት ትቶ የፈቃድ ክፍያ ጠየቀ። በኮምፓክ መሪነት ዘጠኝ ኩባንያዎች በማግስቱ ዓመት ተባብረው ከአሮጌዎቹ ካርዶች ጋር የሚስማማ ሌላ ሥርዓት አቀረቡ። ማይክሮ ቻነልም የሁሉም መለኪያ ሳይሆን ቀረ። ኩባንያዎቹ ሊመልሱ የቻሉት ገንዘብና መሐንዲስ ስለነበራቸው ነው። መቐለ ላይ ያለ አንድ መምህር ግን ሊመልስ የሚችልበት አቅም የለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ላክል። አንደኛ፣ ክፍፍል አቅምን አይጨምርም፤ 16 መስመር ለአራት ሲከፈል አሁንም 16 ነው፤ ለእያንዳንዱ ካርድ የሚደርሰውም ሩቡ ነው። ሁለተኛ፣ ባዮሱ ባይፈቅድም መውጫ አለ፤ የራሱን የማከፋፈያ ቺፕ የተሸከመ ካርድ መስመሩን ራሱ ያድላል። ዋጋው ግን ከቀላሉ ካርድ እጅግ ይበልጣል። አምራቹ በሶፍትዌር የነፈገውን ተጠቃሚው በገንዘብ ይገዛዋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል? የዩኒቨርሲቲዎቻችን የግዥ ሰነዶች የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና የማስታወሻውን መጠን ይጠይቃሉ፤ ስሎቱ መከፈል ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ሰነድ ግን እኔ አላጋጠመኝም። መንገድ ክፍት በሆነበት ከተማ ይህ ቀላል ጉድለት ነው፤ የጎደለው ነገ ይገዛል። መንገድ ሲዘጋ ግን በእጅ ባለው ማሽን ላይ ምን መጨመር እንደሚቻል የሚወስነው ከዓመታት በፊት በግዥ ሰነድ ላይ የተጻፈው ወይም የተዘለለው አንድ መስመር ነው። ስለዚህ ነገ በግዥ ኮሚቴ ውስጥ የምትቀመጡ ተማሪዎቼ፣ የማዘርቦርዱን መመሪያ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት፤ ከገዛችሁም በኋላ አትጣሉት።

ወደ መነሻዬ ልመለስና ልፈጽም። ያን ዕለት ባልደረባዬ ከሁሉ የሚያሳስበውን መረጃ በታየው አንድ ዲስክ ላይ ገለበጠ፤ ሦስቱን ዲስኮችም በወረቀት ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጣቸው። «ቦታውስ ነበረን፤ የጎደለን ፈቃዱ ነው» አለኝ። ማከፋፈያ ቺፕ ያለው ካርድ የደረሰው በሌላ መንገደኛ ሻንጣ፣ በዚያው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ነው።