ኪንድል ወይስ ታብሌት? ከመግዛታችን በፊት

ለንባብ ቡድናችን ከመዋጮው ምን እንግዛ በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም። ገሚሶቻችን ኪንድል፣ ገሚሶቻችን ታብሌት እንላለን። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የዕቃዎቹን ታሪክ ብናይ ይጠቅመናል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሲቋቋም ዓላማው እንደ ወረቀት የሚነበብ ስክሪን መሥራት ነበር። ስክሪኑ ውስጥ በጣም ደቃቅ እንክብሎች አሉ፤ በየእንክብሉ ነጭና ጥቁር ብናኝ አለ። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል፤ ፊደሉ የሚታየው በዚህ ነው። ኃይል የሚፈጀው በዋናነት ገጽ ሲገለጥ ስለሆነ ቻርጁ ለሳምንታት ይቆያል፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጦም ይነበባል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣጣው ያለው ሱቁ ላይ ነው። በ2004 ሶኒ ጃፓን ውስጥ ባወጣው ሊብሪዬ ላይ ከሱቁ የተወሰደ መጽሐፍ ከ60 ቀን በኋላ አይከፈትም ነበር። አማዞንም በ2007 ኪንድልን በ399 ዶላር ሲያወጣ ከራሱ ሱቅ መጽሐፍ እንዲገዛበት ነው። በ2009 ደግሞ ሻጩ መብቱ የለውም ብሎ የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከሩቅ አጠፋቸው። ገንዘቡን መልሷል፤ ግን መጽሐፍ ሻጭ ቤታችን ገብቶ ከመደርደሪያ ሲወስድ አይተን እናውቃለን?

አይፓድ በ2010 በ499 ዶላር መጣ። ብርሃኑ ዓይን ያደክማል፣ ቻርጁ 10 ሰዓት ያህል ነው፣ ፊልምና ጨዋታውም አንባቢን ያዘናጋል። እኔን ወደ ታብሌት የሚያደላኝ ግን የእኛ የአማርኛ መጻሕፍት ናቸው። ብዙዎቹ የሚደርሱን ገጻቸው ተነሥቶ በፒዲኤፍ ነው። እንዲህ ያለው ገጽ ፎቶ ስለሆነ ፊደሉን ብቻ ማተለቅ አይቻልም፤ ገጹ አብሮ ይሰፋል። በ6 ኢንቹ ኪንድል መነጽር የሚያደርጉ እናቶቻችን ግራ ቀኝ ሲጎትቱ ሊውሉ ነው። የአይፓዱ ስክሪን 9.7 ኢንች ነበር። አማዞንም በ2009 ያንኑ የሚያክል፣ ፒዲኤፍ የሚከፍት ኪንድል ዲኤክስ አውጥቶ ነበር፤ ዋጋው 489 ዶላር! ከአይፓዱ በ10 ዶላር ብቻ ያንስ ነበር።

ለብቻዋ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ለምታነብ እህት ኪንድሉን እመርጥላታለሁ። ለቡድኑ ግን ድምፄ ለሰፊ ታብሌት ነው። ለግዢ የሚላኩት እህቶች ከመክፈላቸው በፊት አንዱን የአማርኛ ፒዲኤፋችንን ሱቁ ውስጥ ከፍተው ቢሞክሩት ጥሩ ነው።