ውሃውን ማን አስነሣው?

ስሙኝማ ወገኖቼ። ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው፤ ካርቱም፣ ጥቁር አባይ ዳር፣ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር፣ የኛ ሰው ቀን ሲለፋ ውሎ ማታ ከአንዲት ያገር ልጅ ቡና በሚሰበሰብበት።

ውሃው ከየት እንደሚነሣ እናንተም ታውቃላችሁ። ሰከላ ላይ፣ ግሽ አባይ፣ ሰው ጠበል ከሚቀዳበት ምንጭ ይነሣና ጣና ይገባል፤ ከጣና ወጥቶ ጢስ አባይ ላይ ይወረወርና ጎጃምን ከቦ በበረሃው ሸለቆ ይወርዳል፤ ከዚያም የወሎን፣ የሸዋንና የወለጋን ወንዞች እየጠቀለለ፣ የደጋውን አፈር ተሸክሞ፣ ቀልቶና ደፍርሶ ሱዳን ይገባል፤ ሮሴሬስንና ሴናርን አልፎ ካርቱም ሲደርስ ነጭ አባይን ያገኘዋል። መገናኛቸው ላይ ቱቲ የምትባል ደሴት አለች። ሰዎቿ ክረምት በመጣ ቁጥር ዳርቻውን ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቁ ነበር፤ አንዱ «ሰበረ!» ብሎ ሲጮህ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ልጁ፣ አካፋና ጆንያ ይዞ ይወጣ ነበር። የ1938ንና የ1980ን ጎርፍ አያት ለልጅ ልጅ ሲያወራው ኖሯል። የዚያ ዓመቱ ግን ከሁለቱም በለጠ፤ ካርቱም ላይ የውሃው ከፍታ ከ17 ሜትር ተኩል አለፈ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በሱዳን ምድር ወደ 100 የሚጠጋ ሰው ሞቶ ነበር፣ መንግሥትም የ3 ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ።

በዚያች ማታ ሁላችንም እግራችን ጭቃ ነበር። ጆንያ ስንሞላ ውለን፣ አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ ተቀመጥን። ባለቡናዋ ጀበናዋን አንገቷ ድረስ ሞልታ ከሰሉ ላይ ጣደች። ያኔ አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ፣ ከተማው ውስጥ የህዳሴው ግድብ ነው ያመጣው ሲሉ መስማቱን ተናገረ። ሌላው ተቆጥቶ፣ ግድቡ በሐምሌ ውሃ ያዘ እንጂ መች ውሃ ወለደ አለው። ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ የፈጣሪ ቁጣ ነው ብለው መቁጠሪያቸውን ሳቡ።

ከመካከላችን ከጎጃም በመተማ የገቡ፣ በዘበኝነት የሚያድሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ዝም ብለው ቆይተው፣ «ጥፋቱስ የኛ ነው» አሉ። «ጫካውን መነጠርነው። ድሮ ዝናቡ ቅጠል ላይ አርፎ፣ ሥር ለሥር ሰርጎ ነበር የሚወርደው፤ ዛሬ እንደመታ ይወርዳል።» እኔ እስከ ዛሬ እኒህን ሰው አከብራለሁ፤ ጣታቸውን መጀመሪያ ወደ ራሳቸው ነው የቀሰሩት። ያሉትም እውነት አለበት፤ የተራቆተ ዳገት ጎርፉን ያፈጥነዋል።

ከመካከላችን አንድ ተማሪ ልጅ ግን፣ «አባባ፣ እርስዎ ያሉት ጎርፉ ለምን እንደፈጠነ ነው፤ ዝናቡንስ ማን አበዛው?» አላቸው። ከዚያም የሩቁ ሰላማዊ ውቅያኖስ ሲቀዘቅዝ የኛ ክረምት እንደሚበረታ፣ በዚያ ላይ አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም እንደሚችል ነገረን፤ አንዱን ጎርፍ ብቻውን ይዞ የሙቀቱ ልጅ ነው ብሎ መማል እንደማይቻልም አልደበቀን፤ የዓለም ባሕር ግን በሙቀቱ ያለ ጥርጥር እየጨመረ ነው አለ።

«ባሕር?» አሉ አዛውንቱ። «አባይ ከፍጥረት ጀምሮ ሲገባበት ያልሞላ ባሕር ዛሬ ምን አገኘው?»

መልሱን ያመጣችው ባለቡናዋ ናት። ጀበናዋን ቀና አድርጋ አሳየቻቸው፤ ገና አልፈላችም፣ ሞቃለች ብቻ፤ ውሃው ግን በአንገቷ ሽቅብ ወጥቶ ከአፏ ደርሷል። «ማንም አልጨመረባትም፣ አባባ» አለች። ተማሪው እንደሱ ነው አለ፤ የሞቀ ባሕር ያብጣል፣ በዚያ ላይ የብስ ላይ ተከምሮ የኖረው በረዶ እየቀለጠ ይጨመርበታል።

ታዲያ ያሞቀው ፀሐይ እንዳይሆን አሉ አዛውንቱ፤ አልለቀቁትም። ፀሐይ ከ40 ዓመት በላይ በሳተላይት ስትለካ ግለቷ አለመጨመሩን፣ ምድር ግን በእነዚያው ዓመታት መሞቋን ልጁ ነገራቸው። ከዚያም፣ «አባባ፣ የእንጨትና የኩበት ጭስ በጠረኑ ይለያል?» ሲል ጠየቃቸው። «እንዴት አይለይ!» አሉ። «እንግዲህ አየሩ ውስጥ የበዛው ካርቦንም እንደዚያው ይለያል፤ ከምድር ሆድ የወጣ፣ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ጭስ ነው።» ስቫንቴ አሬኒየስ የተባለ የስዊድን ሊቅ ይህ ጭስ ምድርን እንደሚያሞቅ አስልቶ የጻፈው የኛ አባቶች አድዋ በዘመቱበት ዓመት፣ በ1888 ነው። በ1950 ዓ.ም. ሃዋይ ተራራ ላይ መለካት ሲጀመር ከ1 ሚሊዮን እጅ አየር 315 ያህል የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል።

አዛውንቱ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ያን ሁሉ ያነደደው ማን ነው? እኛ ነን?» አሉ። አይደለንም። አፍሪካ በሙሉ ከኢንዱስትሪ ዘመን ወዲህ ከተነነው ጭስ ድርሻዋ ከመቶ 3 እጅ ገደማ ነው። ያን ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከወንዙ ማዶ ጩኸት ተሰማና ሁላችን ጆንያችንን አንሥተን ወጣን፤ መጀመሪያ የተነሡት እሳቸው ነበሩ።

በ2015 ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት መጣና ያ ቡና ተበተነ፤ ከቱቲም ብዙው ሰው ተሰደደ። ውሃው ግን አሁንም ነሐሴ ሲገባ ከሰከላ ተነሥቶ ካርቱምን አልፎ ባሕር ይገባል፤ የሚቀበለው የዓለም ባሕርም ከ1893 እስከ 2010 ዓ.ም. በአማካይ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ብሏል።